ስንት ሆነ?

ብዙውን ጊዜ ወደ እናንተ የምመጣው ሁለት ሦስት ስንኝ ቋጥሬ ነው። ዛሬ ግን በአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ውስጥ ስላለች፣ ስፋቷ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ብዙም ስለማይበልጥ ክፍተት ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ይህ ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፤ መካኒክ አይደለሁም። አለመሆኔንም ያወቅሁት እናቴን ይዤ መንገድ ላይ የቀረሁ ዕለት ነው።

የዕለት እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፤ እከፍላለሁ። ማታ በሩ ተዘግቶ ሒሳብ ሲታይ በእጄ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት። ባንክ ቤት ያልሠራ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ትርፍም ጥፋት ነው። መቶ ብር ቢጎድል ከኪሴ እተካለሁ፤ መቶ ብር ቢተርፍም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ አልሄድም። የተረፈው ገንዘብ የሆነ ሰው ገንዘብ ነውና የተሳሳትሁበትን እስካገኝ ድረስ እቆጥራለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ቀኑን ሙሉ ስሠራ የምውል ሰው፣ ከቢሮ ወጥቼ ብረት ስነካ ግን ግምተኛ ሆኜ ተገኘሁ። የዛሬው ጽሑፌ የዚህ ኑዛዜ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አባቴ መምህር ነበር። የቮልስዋገንን ነገር አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት ውኃ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ድምፅዋ ገና ከመታጠፊያው ይታወቃል። የመጨረሻዋ ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ በፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ሲሆን፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ እኅቶቿ ተሠርተዋል። የእኛዋ ከእነዚያ አንዷ ናት። አባቴ ሲያርፍ እናቴ «ሸጠን እንገላገል» አለች፤ እኔ እምቢ አልሁ። «እኔ እይዛታለሁ» አልኋት።

ጥቂት ወራት እንደ ነዳሁ፣ ፍሪሲዮን በረገጥሁ ቁጥር ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጂያ በሁለት እጄ ያዝሁና ገፋሁት፤ መልሼም ሳብሁት። ሄዶ ሲመለስ ለእጄ ተሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ መሀል የሚያልፈው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍት የምንለው፣ ከመዞሩ ሌላ ወደ ፊትና ወደ ኋላም በጣም በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። የእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ ይህን እንቅስቃሴ «ጨዋታ» በሚል ቃል ይጠራዋል። እኔ «መላወሻ» ብለው እመርጣለሁ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኃይሉ ዘንጉን ወደ መኪናዋ ኋላ ይገፋዋል። መላወሻው ከልኩ ሲያልፍ ዘንጉ በእያንዳንዱ እርግጫ እየሄደ መቀመጫውን ይደበድበዋል። መቀመጫውን የያዘው የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ፣ ከብረት የሚለሰልስ ነውና ውሎ አድሮ ይበላል። ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ዘንጎችም ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ማቆሚያው ቀለበት ውፍረቱ እየተመረጠ የሚገባው ለዚሁ ነው። በቮልስዋገን ሞተር ይህን ሥራ የሚሠሩት ከቮላኖው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ከሚታሰርበት ከባድ የብረት ክብ ጀርባ የሚደረደሩ ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ስፔሶር ይባላሉ።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ የነበረኝ እውቀት «ላልቷል፤ ስለዚህ ይጥበቅ» ከሚል አያልፍም። አንድ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች አግዘውኝ ሞተሩን በክሪክ ደገፍነው፤ ከካምቢዮው ጋር ያያዙትን አራት ብሎኖች ፈትተን ከእናቴ ግቢ ውስጥ አወረድነው። ቮላኖውን ስፈታ ሦስቱን ስፔሶሮች አገኘኋቸው። ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን አንድ ጨምሬ አራት አደረግኋቸው። የገዛሁት ስንት ውፍረት እንዳለው አልጠየቅሁም። መልሼ ገጥሜ ፑሌጂያውን ብገፋው ብስበው ንቅንቅ አላለም። በእጄ ሳዞረው ከበድ አለኝ፤ «አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ድምፁም ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ የዚያን ዕለት ማታ ስለ እጄ ሥራ ግጥም ልጽፍ ዳድቶኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የአባቴ ሙት ዓመት ነበር። እናቴን ይዤ በሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰንዳፋን አልፈን ሽኖ ሳንደርስ ሞተሩ ጉልበቱ እየደከመ መጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ አልዞር አለ። የዚያን አገር የጧት ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ እንዳቀፈች መንገድ ዳር ቆመች። አልተቆጣችኝም። «አባትህ እንዲህ አድርጎን አያውቅም» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። በሚኒባስ ሄድን። ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየተበተነ ነበር።

መኪናዋ ተጎትታ ተመለሰች። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኋት። ሞተሩን ከፍተው ሲያዩት፣ ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያቆመው የመቀመጫው ጠርዝ ተቃጥሎ ጠቁሯል። አራቱን ስፔሶሮች መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆጠሯቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ስንት ሆነ?»

ስለ ዋጋ የጠየቁኝ መሰለኝና ስፔሶሩን የገዛሁበትን ብር ነገርኋቸው።

«ብሩን አይደለም፣ ልጄ። መላወሻው ስንት ሆነ? ለክተህ ስንት አገኘህ?»

«አልለካሁም።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ባንክ ቤት ነኝ። ገንዘብ ያዥ።»

ምንም አላሉም። ስፔሶሮቹን በጨርቅ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። እኚህ ሰው የአንድ ቀን ሒሳቤን ሳልቆጥር ብዘጋ ምን እንደምባል ሳይነገራቸው ያወቁ ይመስለኝ ነበር።

ከባንክ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። የተቃጠለው መቀመጫ በአዲስ ከተለወጠ በኋላ ወደዚያችው ክፍተት መጣን። መጽሐፉ የሚፈቅደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ድረስ ነው፤ ከ0.15 ካለፈ መስተካከል አለበት። ስፔሶሮቹ በተለያየ ውፍረት ይሠራሉ፤ 0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እያሉ ይሄዳሉ። ቁጥራቸው ምንጊዜም ሦስት ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ሁለት ስፔሶር ብቻ አስገቡ። የዘይት መከላከያውን ጎማ ለጊዜው ተዉት፤ ጎማው ዘንጉን ስለሚይዘው ልኬቱን ያዛባል። ቮላኖውን ገጥመው የመሀሉን ባለ 36 ቁጥር ብሎን እስከ ሙሉ ጉልበቱ አጠበቁት። ጉልበቱ 35 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከብሎኑ ግማሽ ሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ ቢቆም የሚያሳርፈው ማለት ነው። ከዚያ የኪስ ሰዓት የሚመስለውን ዳያል ጌጅ ሞተሩ ላይ አስረው ጫፉን ቮላኖው ላይ አሳረፉ። ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተው መርፌውን ዜሮ ላይ አደረጉ፤ ወደ ውጭ ሳቡት። መርፌው 0.44 ላይ ቆመ።

«የምንፈልገው 0.10 ነው። ቀንስ» አሉኝ።

«0.34።»

«ሦስተኛው ስፔሶር እሱ ነው።»

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው መቀነስ ነው። እናቴን ነፋስ ላይ ያቆማት፣ አባቴን ያለ እኛ ያስፈታው፣ ይህን መቀነስ አለመቀነሴ ነው። ጋሼ ስፔሶሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እንዲሁ አላመኑትም፤ በማይክሮ ሜትር ለኩት። ቮላኖው ተፈታ፤ ጎማው ገባ፤ ሦስቱ ስፔሶሮች ዘይት ተቀብተው ገቡ፤ ብሎኑ እንደገና ጠበቀ፤ እንደገና ተለካ። 0.10 ሆነ።

«አሁን "ስንት ሆነ?" ሲሉህ የምትመልሰው አለህ» አሉኝ።

ቤቱ ሆኖ ይህን ሊሞክር የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር ልበለው። የመጀመሪያው፣ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ዳያል ጌጁን ፑሌጂያው ላይ አሳርፈህ መላወሻውን መለካት ትችላለህ፤ ልኩ ውስጥ ከሆነ ያልታመመውን አትፍታ። ሁለተኛው፣ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ የቤንዚኑን ቱቦ ዝጋ፤ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ፈጽሞ አትግባ።

ለምን ዜሮ አይሆንም? እኔም ይህን ጠይቄያለሁ። መልሱ ዘይት ነው። በዘንጉና በመቀመጫው መካከል ብረት ብረትን እንዳይነካ የሚከለክለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱም የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ክፍተቱን አጥፍተህ ስትገጥመው ዘይቱን ከቤቱ አስወጥተኸዋል፤ ሲግልም ብረቱ የሚሰፋበት የለውም። እኔ «ጥብቅ» ያልሁት ነገር፣ ለካ መተንፈሻ ያጣ ነገር ነው።

ግጥም የምንሞክር ሰዎች ይህን ነገር ከሌላ በኩል እናውቀዋለን። የወል ቤት የምንለው ስንኝ ስድስት ቀለም ነው፤ ከዚያ ትንሽ ማረፊያ፤ ከዚያ ሌላ ስድስት። ማረፊያዋ ድምፅ የላትም፤ በቀለምም አትቆጠርም። ብትጠፋ ግን ስንኙ ይታነቃል፤ ብትረዝምም ይበተናል። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ብረቱን ያነቅሁት።

አሁን ወደ አስተያየቴ ልምጣ። እኔን ያሳሳተኝ አለማወቅ ነው ብዬ ለማምለጥ ብሞክርም ኅሊናዬ አልተቀበለኝም። መጽሐፉ ነበረ፤ ቁጥሩም ተጽፏል። ያላነበብሁት የእጅ ሥራ መጽሐፍ የሚፈልግ ስላልመሰለኝ ነው። ዲግሪ ያለን ሰዎች ልኬት የወረቀት፣ ግምት ደግሞ የብረት ነው ብለን በልባችን ከፍለነዋል። ባንክ ቤት ሳንቲም እንቆጥራለን፤ ቅጥቀጣውን ግን «በዓይን ይታያል» ብለን እንተወዋለን። ይህ ንቀት ነው። ንቀቱም የቆየ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁትም በዚያው ዓመት ነው። መኪናውን ተቀበልነው፤ ዐዋጁን ግን በከንፈራችን እንጂ በልባችን የተቀበልነው አይመስለኝም። ዛሬ መካኒክን የሚሰድብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሥራው አእምሮ የሚጠይቅ መሆኑን አምኖ «ስንት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውም ጥቂት ነው።

«የድሮ መካኒኮች ያለ ዳያል ጌጅ በእጃቸው ብቻ ያስተካክሉ ነበር» የሚል ክርክር እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ለጋሼም ይህንኑ አንሥቼባቸው ነበር። ፑሌጂያውን ያዙና ገፋ ሳብ አድርገው «ይህ አሥር ይሆናል» አሉ። ጌጁም አሥር መቶኛ አለ። «ታዲያ ለምን ይለካሉ?» አልኋቸው። «እጄ ከእንቅልፍ ሲነሣ ሌላ ነው፤ ሲደክመው ሌላ ነው። ቁጥሩ ግን አይደክመውም» አሉኝ። ልብ በሉ፤ የእጃቸው ስሜት የሠለጠነው አርባ ዓመት ከቁጥር ጋር ሲተያይ ኖሮ ነው። እኔ የእሳቸውን ስሜት ያለ እሳቸው ቁጥር ለመዋስ ነበር የሞከርሁት። እንዲህ ዓይነቱ ግምት ልምድ አይባልም፤ ድፍረት ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ መኪናዋን የተረከብሁ ዕለት ከወንበሩ ሥር ያለውን ዕቃ ሳጸዳ በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር አገኘሁ። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ካንዴላ የተገዛበት ዋጋ፣ የተሄደው ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም በመስመር በመስመር። በ1991 ዓ.ም. ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበረ፦ «ሞተር ወረደ። ስፔሶር 3። 0.11።» ያን ዓመት ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ማታ ማታ ሲሠራ የእጅ ባትሪ ይዤ የማበራለት እኔ ነበርሁ። ብርሃኑን የያዝሁት እኔ፣ ያላየሁትም እኔ። እናቴ «አባትህ እንዲህ አድርጎን አያውቅም» ያለችው ለካ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱም ከወንበሬ ሥር ነበር።

ከዚህ በኋላ የምለው ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ሲከለክል፣ በየግቢያችን የቆሙት አሮጌ መኪኖች ዕድሜ በእጃችን ላይ ወደቀ። እነዚህን መኪኖች ማን ያቆያቸዋል ቢባል፣ መልሱ የሚለካ ሰው ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። መኪናችሁን ከጋራዥ ስትረከቡ «አለቀ?» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ «ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመላወሻውን፣ የፍሬኑን፣ የካንዴላውን ክፍተት ቁጥር ጠይቁና ደብተር ላይ ጻፉት። ሲጠየቅ የሚናደድ መካኒክ ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ደስ ብሎት የሚነግራችሁን ካገኛችሁ ደግሞ በአክብሮት ያዙት። እናንተው ከሠራችሁትም መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ጥያቄው የሚያዋርደው ገምቶ የሠራውን ብቻ ነው፤ ለክቶ ለሠራው ክብሩ ነው።

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ እንደገና ወደ ደብረ ብርሃን ሄድሁ። ሽኖን ስናልፍ ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር። ከተማው ሲታየን «ስንት ነው ያልኸው ያ ቁጥር?» አለችኝ። «ዜሮ ነጥብ አሥር» አልኋት። «ይበቃዋል?» አለች። «ልኩ ነው» አልኋት።

የለመዳችሁትን ሳላደርስ እንዳልሄድ፣ የዛሬዋን ስንኝ እነሆ፦

አጥብቄ ብይዘው ተቃጠለ በእጄ፣
አላልቼ ብተወው ወደቀ ከደጄ፤
ልኩን ብጠይቀው ሆነልኝ ወዳጄ።

ቸር እንሰንብት።